ጭነት የሚወርድባት ጀልዴሳ፦ ከግመል መንገድ እስከ ኮምፒውተር ፕላን



ከሶላት በኋላ ወጣቶች ጠጋ ብለው ከሚጠይቁኝ ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ «ኡስታዝ፣ ክራክ የተደረገ አውቶካድ መሥራት እንዴት ይታያል?» ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሲቪል ምህንድስና ወይም አርክቴክቸር የተማሩ ናቸው። የብረት በርና መስኮት የሚሠሩ፣ በኮንትራክተር ቢሮ ፕላን የሚስሉም አሉበት። እኔ የኢማማችን ረዳት እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። ጥያቄው ግን እኛም ደጃፍ ስለደረሰ ታሪኩን ከሥሩ አንብቤ ልጽፍላችሁ ወሰንኩ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እንዲህ ሆነ። ጀልዴሳ ያለ አንድ ጀማዓ ለልጆች መድረሳ ሁለት ክፍል ለመጨመር ፈለገ። አንድ ወንድማችን ከድሬዳዋ መጥቶ ቦታውን በሜትር ለካ፣ በላፕቶፑ ፕላኑን ሠራ፣ ለአጅሩ ብሎ ገንዘብም አልተቀበለም። አላህ ይቀበለው። ፕላኑን በወረቀት አትሞ፣ ፋይሉን በፍላሽ ሰጥቶን፣ ብዙም ሳይቆይ ለሥራ ወደ ውጭ አገር ሄደ። ከወራት በኋላ ሽማግሌዎቹ «ክፍሎቹ ለጎርፍ መውረጃው ቀርበዋል፣ ወደ ላይ ፈቀቅ ይበሉ» አሉ። ድሬዳዋ ላይ የ2006ቱን ነሐሴ የሚያስታውስ ሰው በጎርፍ ነገር አይቀልድም። ስለዚህ ፕላኑ መስተካከል ነበረበት።

ፍላሹን ይዤ ወደ አንድ ፕላን ሠሪ ሄድኩ፤ የእሱ ፕሮግራም አሮጌ ስለሆነ ፋይሉን አልከፍትም አለ። ሁለተኛው ዘንድ አዲስ ፕሮግራም አለ፣ ነገር ግን ክራክ ነውና በዚያው ሳምንት ተቆልፎበታል። ሦስተኛው ጋ ተከፈተ፤ የአማርኛው ጽሑፍ ግን ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ መጣ። ሦስት ቀን በባጃጅ ተመላልሼ ስመለስ ሸይኻችን ወረቀቱን ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። «ልጄ፣ ወረቀቱ የኛ ነው። መሬቱም የኛ ነው። ታዲያ ፕላኑ የማን ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄው ጀልዴሳ ላይ መጠየቁ ደግሞ ይገርመኛል። ጀልዴሳ ማለት እኮ አንድ ጊዜ የመንገድ ጌታ የነበረች፣ በኋላ መንገዱ ጥሏት የሄደ ቦታ ናት።

የማታውቋት ካላችሁ፣ ጀልዴሳ ከድሬዳዋ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለች፣ ዛሬ በአስተዳደሩ የገጠር ክላስተሮች ውስጥ የምትቆጠር ትንሽ ቦታ ናት። ስሟ በአፋን ኦሮሞ ዝንጀሮ ማለት ነው። ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ከመኖሯ በፊት ግን ከዘይላ ወደብ ተነስቶ ወደ ሐረር የሚሄድ ቅፍለት ሁሉ ጀልዴሳን ሳይረግጥ አያልፍም ነበር። ምክንያቱ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ከባሕር እስከ ጀልዴሳ ሜዳና በረሃ ስለሆነ ግመል ይጓዛል። ከጀልዴሳ በላይ ተራራው ይጀምራል፤ ግመል አቀበቱን አይወደውም። ስለዚህ ጭነቱ እዚያ ይወርድና በአህያና በበቅሎ ላይ ይጫናል። ወደ ታች ደግሞ ቡናው፣ ቆዳውና የዝሆን ጥርሱ ከአህያ ወርዶ ለግመል ይሰጣል። የሶማሌው ግመለኛና የኦሮሞው አህያ ነጂ የሚገናኙባት ቦታ ነበረች።

ይህን ያወቀ ሁሉ ጀልዴሳን ለመያዝ ሞክሯል። በ1875 በራኡፍ ፓሻ የተመራው የግብፅ ጦር ሐረርን ሲይዝ ጀልዴሳ ላይም ጠባቂ አስቀመጠ። ግብፆች በ1885 ለቀው ሲወጡ ቦታው በሐረሩ አሚር አብዱላሂ እጅ ገባ። በ1886 የኢጣሊያኑ የካውንት ፖሮ ጓድ ያለቀው እዚሁ አካባቢ ነው። በጥር 1887 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ደግሞ የምኒልክ ሰዎች መጡ። ቀረጡን የሚሰበስበው እጅ ተለዋወጠ፤ የጭነቱ መውረጃ ግን ያው ጀልዴሳ ነበረች።

ያ የግመል መንገድ ነጻ ነበር ብዬ አላታልላችሁም። ቀረጥ ነበረበት፣ ሽፍታም ነበረበት። እንግዳ ነጋዴ ያለ አባን አይሄድም፤ አባን ማለት በሶማሌ ባህል መንገደኛውን በስሙና በጎሳው ክብር የሚጠብቅ ሰው ነው፣ እሱም የሚከፈለው አለው። ነገር ግን መንገዱን «የኔ ብቻ ነው» የሚል አንድ ባለቤት አልነበረም። ዘይላ ሲከብድ በበርበራ የሚሄድ ነበር፣ በታጁራ የሚሄድም ነበር። ግመል ያለው ሁሉ ይጭናል፤ ግመሉ ቢታመም የጎረቤቱን ይከራያል። ጭነቱንም እንዴት እንደሚታሰር ልጁ ከአባቱ ይማራል እንጂ የሚደብቀው የለም።

ከዚያ ባቡሩ መጣ። በ1894 ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሰጡ፤ ዘመኑም 99 ዓመት። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረር መድረስ ነበር፤ ተራራውን መውጣት ግን ወጪው የማይቻል ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ሥር ቀረ። በታህሳስ 1902 ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ እሱም ድሬዳዋ ነው። ጭነት ማውረጃው ወደዚያ ሄደ። የዘይላ ንግድ ደከመ፣ ጀልዴሳም ከመንገድ ዳር ቀረች። ጀልዴሳን ያሸነፋት ጦር አልነበረም፤ ሐዲዱ በሌላ በኩል ስላለፈ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን አለብን። ይሄ ባቡር እኛን የወለደ ባቡር ነው። ከዚራና መጋላ፣ ለገሃሬ፣ የባቡሩ ወርክሾፕ፣ ፈረንሳይኛውን ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛና ከሶማልኛ ጋር የሚቀላቅለው የድሬ ሰው ሁሉ የዚያ ኩባንያ ውጤት ነው። ቅፍለቱ ቀናት የሚፈጅበትን መንገድ ባቡሩ በሰዓታት ይጨርሰዋል። ነገር ግን ዋጋውን የሚወስነው ሩቅ ያለ ሰው ሆነ። የመጀመሪያው ኩባንያ በ1907 ሲከስር፣ በ1908 የፈረንሳይና የኢትዮጵያ በተባለ ኩባንያ ተተካ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱም እስከ 1959 ድረስ ፓሪስ ነበር። ግመለኛው በቀረጥ ላይ ቢከራከር ጀልዴሳ ላይ ከቀራጩ ጋር ፊት ለፊት ይከራከራል። በባቡር ታሪፍ ላይ የሚከራከረው ግን ወዴት ይሂድ?

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ኮምፒውተሩ እመለሳለሁ። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1,000 ሚሊሜትር ነው። በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ደግሞ 1,435 ሚሊሜትር። 435 ሚሊሜትር ብቻ ነው ልዩነቱ፣ ከክንድ ያነሰ። ነገር ግን የድሮው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ አይሄድም፣ የአዲሱም በድሮው አይሄድም። በድሬዳዋ ወርክሾፕ ዕድሜ ልካቸውን የድሮውን ባቡር ሲጠግኑ የኖሩ አባቶች እጃቸው ላይ ያለው ሙያ በአንድ ልኬት ምክንያት ከሐዲዱ ወጣ። ይህን ልኬት ያዙልኝ።

ኮምፒውተር ላይ መሳል የጀመረው በ1963 ነው ማለት ይቻላል። ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለ የአሜሪካ ተማሪ ኤምአይቲ ውስጥ «ስኬችፓድ» የተባለ ፕሮግራም ሠራ፤ በብርሃን ብዕር ስክሪኑ ላይ መስመር ይጎትታል፣ ማሽኑም መስመሩን ቀጥ ያደርግለታል። ያን ማሽን መግዛት የሚችል ግን መንግሥትና ታላላቅ የአውሮፕላንና የመኪና ፋብሪካ ብቻ ነበር። ለሃያ ዓመት ያህል ነገሩ እንዲሁ በሀብታም እጅ ቆየ።

በ1982 መጀመሪያ ጆን ዎከርና ጓደኞቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ አውቶዴስክ የተባለ ኩባንያ አቋቋሙ። ከመካከላቸው ማይክ ሪድል የተባለው ቀድሞ የጻፈው የመሳያ ፕሮግራም ነበረው፤ እሱን አሻሽለው በዚያው ዓመት መጨረሻ አውቶካድን አወጡ። ዋጋው 1,000 ዶላር አካባቢ፣ የሚሠራውም ተራ ሰው ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ትንሽ ኮምፒውተር። ለዚያ ዘመን ይሄ ትልቅ ነገር ነው! የድሬዳዋን ባቡር አስቡ፤ በረሃውን በአንድ ጊዜ አሳጠረው። ዛሬ «ኩባንያ ሁሉ ሌባ ነው» የሚሉ ወንድሞች ይህን አይዘንጉ። በዚህ ፕሮግራም ሙያ አግኝቶ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ስንት ሰው አለ።

ያኔ የሚሸጡት በሽያጭ ነበር። ትገዛዋለህ፣ ያው ቁጥር ሁልጊዜ የአንተ ነው፤ አዲሱን ካልፈለግህ በአሮጌው ትኖራለህ። ፋይሉ የሚቀመጥበት ዲደብሊውጂ የተባለው ፎርማት ግን ውስጡ ለሌላው አይገለጽም፣ በየጥቂት ዓመቱም ይለወጣል፤ በ2010፣ በ2013፣ በ2018 ተለውጧል። በ2018ቱ የተቀመጠ ፋይል የ2017ቱ ፕሮግራም አይከፍተውም። የኔ የባጃጅ ምልልስ ምሥጢር ይሄ ነበር። ሐዲዱ ሰፍቷል፣ ፉርጎው ያው ነው። ለማለዋወጫ ብሎ ኩባንያው ከመጀመሪያው ጀምሮ ዲኤክስኤፍ የተባለ በጽሑፍ የሚነበብ ሌላ ፎርማት ማውጣቱንም ግን ለፍትሕ ስል እጠቅሳለሁ። በ1998 ሌሎች ድርጅቶች ተባብረው ዲደብሊውጂን ራሳቸው ፈተው ለማንበብ ማኅበር አቋቋሙ። በ2006 አውቶዴስክ ከሰሳቸው፤ በዓመቱ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። እንግዲህ ክርክሩ ሰው ራሱ የሣለውን መስመር የሚያነበው ማን ነው በሚለው ላይ ነው።

ከጥር 2016 መጨረሻ በኋላ ደግሞ ሽያጩ ቆመ። አውቶካድን ለዘለዓለም መግዛት ቀረ፤ በየዓመቱ መከራየት ብቻ ሆነ። ዛሬ የዓመት ኪራዩ ወደ 2,000 ዶላር ይጠጋል። ሐምሌ 2024 ብራችን በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከመደረጉ በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበርና ኪራዩ ወደ 114 ሺህ ብር ነበር። ዶላሩ ከ100 ብር ሲያልፍ ያው ኪራይ ከ200 ሺህ በላይ ሆነ። ፕሮግራሙ ላይ አንድም አዲስ መስመር ሳይጨመር! ብሩን እንኳ ብታገኝ በውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ካርድ ያስፈልግሃል።

ይሄ የድሃ አገር ለቅሶ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሐምሌ 2020 የእንግሊዝ ታላላቅ የአርክቴክት ቢሮዎች፣ የመርሑሟ የዛሃ ሐዲድ ቢሮ ጭምር፣ ለአውቶዴስክ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ሬቪት የተባለው የሕንጻ ፕሮግራም ዋጋው እየጨመረ እድገቱ ግን ቆሟል ነው ያሉት። ዛሃ ሐዲድን የባግዳድ ልጅ መሆኗን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እንግዲህ የእሷ ቢሮ ያማረረውን የእኛ ልጅ ቢያማርር አይፈረድበትም። በ2022 ደግሞ በዩክሬን ጦርነት ምክንያት ኩባንያው ሩሲያ ውስጥ ሥራውን አቆመ። የጦርነቱ ፍርድ የሌላ ቀን ነገር ነው፤ እዚህ የምናየው የኪራይ ቁልፍ በአከራዩ ኪስ መሆኑን ነው።

በሌላ በኩል ሌላ መንገድ ሲቆፈር ነበር። በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ የኤምአይቲ ሰው ማንም የሚገለገልበት፣ ውስጡን የሚያየው፣ የሚያሻሽለውና ለጎረቤቱ የሚሰጠው ሶፍትዌር ለመሥራት ተነሳ። በ1989 ደግሞ ለዚህ የሚሆን የፈቃድ ጽሑፍ ወጣ። ፍሬ ነገሩ፦ የተከፈተውን ወስደህ ብታሻሽልና ብታከፋፍል፣ አንተም ክፍት አድርገህ ትሰጣለህ፤ መዝጋት አይፈቀድም።

በዚህ መንገድ በ1999 አንድሪው ሙስቱን ኪውካድን ጀመረ፤ ከእሱ ክፍት ክፍል በኋላ ሊብረካድ ተወለደ፤ ሁለቱም ለወለል ፕላን ዓይነት ባለ ሁለት ገጽታ ሥዕል ናቸው። በዚያው በ1999 አንድ የፈረንሳይ ኩባንያ ኦፕን ካስኬድ የተባለውን የቅርጽ ማስሊያ ሞተሩን ለሕዝብ ከፈተ። ሞተሩ ስለተከፈተ በ2002 ዩርገን ሪገል የተባለ ጀርመናዊ ፍሪካድን ማውጣት ቻለ። በዚያው ዓመት የብሌንደር ታሪክ አለ፤ የሠራው ኩባንያ ሲዘጋ ቶን ሮዘንዳል የተባለ ሆላንዳዊ «100,000 ዩሮ ከተዋጣ ባለሀብቶቹ ኮዱን ይከፍቱታል» ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። ሰው በየቤቱ እያዋጣ በሰባት ሳምንት ሞላ። መስጂድ ሲሠራ ብር ሲዋጣ ያየ ሰው ይሄ ነገር አያስገርመውም።

ግን እውነቱን እንናገር። ፍሪካድ ቁጥር 1.0 ላይ የደረሰው በኅዳር 2024 ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት! ከዚያ በፊት መጀመሪያ የሠራኸውን አንድ ገጽ ብትቀይር በኋላ ላይ የሠራኸው ሁሉ የሚፈርስበት ችግር ነበረበት፤ ብዙ ሰው በዚህ ተማርሮ ትቶታል። ዲደብሊውጂ ለመክፈትም የሌላ ድርጅት መቀየሪያ ያስፈልገዋል። ቢሮዎች የሚጠይቁት ደግሞ አውቶካድ የሚችል ሰው ነው። «ክፍቱን ተማርና ሥራ ታገኛለህ» ብሎ ወጣትን መሸወድ አማና ማጉደል ነው።

አሁን ወደ መድረሳ ቋንቋችን ልመልሰው፤ እኔ ነገሩ የገባኝ በዚህ ነውና። በፊቅህ መጽሐፍ ውስጥ ደረሳ ሁሉ የሚያውቃቸው አራት ምዕራፎች አሉ። የድሮው የአውቶካድ ሽያጭ ወደ በይዕ ይጠጋል፤ ከፍለህ ያዝከው። የዛሬው ዓመታዊ ክፍያ ኢጃራ ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ ትለቃለህ፣ አከራዩም ኪራይ ሊጨምር ይችላል። ለተማሪዎች በነጻ የሚሰጠው ደግሞ ዓሪያ ነው፣ ውሰት። አውቶዴስክ ለተማሪ በየዓመቱ በሚታደስ ፈቃድ በነጻ ይሰጣል፤ ለንግድ ሥራ ግን አይፈቅድም። ዓሪያ በሻፊዒዮች ዘንድ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ የሚመልሰው ነው።

ይህን ለማየት የድራፍትሳይትን ታሪክ ተመልከቱ። ዳሶ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከ2010 ጀምሮ በነጻ ያድለው ነበር፤ ብዙ ድሃ አገር ያለ ፕላን ሠሪ ሊጠቀምበት የሚችል ጥሩ ፕሮግራም ነው። በ2019 ነጻው ይቆማል አሉ፤ ዓመቱ ሲያልቅ የተጫነውም መሥራት አቆመ። በደል አይደለም፣ ውሰት ነበር፣ ባለቤቱ ወሰደው። ብዙ ወጣቶች «ነጻ» እና «ክፍት» አንድ የሚመስላቸው እዚህ ላይ ነው። ነጻ ማለት ዛሬ አልተከፈለበትም ማለት ነው። ክፍት የተባለው ግን አራተኛውን ምዕራፍ ይመስላል፣ ወቅፍን። መሠረቱ አይሸጥም፣ አይወረስም፤ ጥቅሙ ለሁሉ ነው፤ አስተዳዳሪው ቢሞት ሌላ ይተካል። ሐረር ውስጥ በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖች ላይ «ይህ ወቅፍ ነው» ተብሎ የተጻፈባቸው አሉ። የጻፈውም የሰጠውም ሄደዋል፤ ንባቡ ቀርቷል። ምሳሌው በሁሉም ነገር ይገጥማል አላልኩም፤ የሶፍትዌር ሠሪዎቹ ለአላህ ብለው ሰጡ ብዬም አልነየትላቸውም። የአሠራሩ መልክ ግን ቅርብ ነው።

ክራኩስ? መጀመሪያ የጠየቃችሁኝ እሱን ነበር። በቀድሞ ዑለማዎች ዘንድ የሚዳሰስ ያልሆነ መብት ንብረት ይባላል ወይ የሚል ክርክር ነበረ፤ ሐነፊዮች ንብረት የሚሉት የሚያዝና የሚቀመጠውን ነው፣ ሻፊዒዮችን ጨምሮ ብዙኃኑ ግን መንፈዓን፣ ማለትም ጥቅምን፣ እንደ ንብረት ይቆጥራሉ። በዘመናችን ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በታህሳስ 1988 ኩዌት ላይ ባደረገው አምስተኛ ጉባኤ፣ በውሳኔ ቁጥር 43፣ የድርሰትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ ናቸው፣ መዳፈርም አይፈቀድም ብሏል። በአገራችንም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሥራዎች ውስጥ ቆጥሮታል፤ 1996ቱ በኛ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ «ካፊር ኩባንያ ነው፣ ምን ችግር አለው» የሚለው ወሬ በሁለቱም በኩል መቆሚያ የለውም። ያለ እሱ እንጀራው የሚቋረጥበት ወንድም ካለ የራሱን ሁኔታ ይዞ ለሸይኽ ይቅረብ፤ ፌስቡክ ላይ ፈትዋ አልሰጥም።

ከፈትዋው ውጪ ያለውን ግን ልናገር። ክራክ ኩባንያውን የሚጎዳ ይመስለናል። እኔ ግን እላለሁ፣ የኩባንያውን ሐዲድ በነጻ የምንዘረጋለት እኛ ነን። ተማሪው በክራክ ይለምደዋል፣ ቢሮው የለመደውን ይቀጥራል፣ ጽሕፈት ቤቱም ያንን ፎርማት ብቻ ይጠይቃል። ክፍቱ መንገድ ላይ ሰው ስለማይሄድበት ሣር ይበቅልበታል፤ ከዚያ «ሣር በቅሎበታል» ብለን አንሄድበትም።

አንድ የምህንድስና ተማሪ ይህን ስነግረው «አቦ ኡስታዝ፣ እኔ ብቻዬን በአህያ ልሂድ እንዴ ሰው ሁሉ በባቡር ሲሄድ?» አለኝ። ሳቅኩ፤ ግን እውነቱን ነው። ቢሮ የሚከፍልለት በባቡሩ ይሂድ፣ ኪራዩ የቢሮው ነው። ተማሪም ውሰቱን ውሰት መሆኑን እያወቀ ይማርበት። የራሱን ሱቅ የሚከፍት፣ በር፣ መስኮትና አነስ ያለ ቤት የሚስል ግን በየዓመቱ 2,000 ዶላር የሚያስከፍል ነገር ሥራው ውስጥ የለም፤ ሊብረካድና ፍሪካድ ይበቁታል። የጀማዓ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። የመስጂድ፣ የመድረሳና የቀብር ቦታ ፕላን ከሣለው ሰው ዕድሜ በላይ መኖር ያለበት ሰነድ ነው። ሣዩ በፈለገው ይሣለው፤ ሲያስረክብ ግን በዲኤክስኤፍ፣ ሕንጻው ሙሉ ከሆነም አይኤፍሲ በተባለው፣ ከ2013 ጀምሮ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ደረጃ በሆነው ክፍት ፎርማት ጭምር ይስጥ፣ ከወረቀት ጋር። ይህን ከሠሪው ጋር በመጀመሪያው ቀን ካልተነጋገርን በኋላ የምንመላለሰው እኛው ነን።

የጀልዴሳው መድረሳ ነገር እንዲህ አለቀ። አንዲት በቅርቡ የተመረቀች እህታችን ከወንድሟ ጋር መጥታ ከወረቀቱ ላይ እንደገና ለካች፤ ወንድሟ ሜትሩን ይዞ፣ ልጆቹ ገመድ እየጎተቱ። ክፍሎቹን ከጎርፍ መውረጃው አርቃ በክፍቱ ፕሮግራም ሣለችው። ቀላል አልነበረም። ለፈቃድ ስናስገባ በዲደብሊውጂ አምጡ ተባልን፤ ስትቀይረው አሁንም የአማርኛው ጽሑፍ ሳጥን ሆነ፤ ፊደሉን ቀይራ ሁለት ጊዜ ጻፈችው። ከመጀመሪያው በአውቶካድ ብትሠራው አንድ ቀን ታተርፍ ነበር፣ ራሷም ያለችው ይህንኑ ነው።

ስትጨርስ ሦስት ነገር ሰጠችን፦ ወረቀቱን፣ ፍላሹንና የፕሮግራሙን መጫኛ፣ እሱንም በዚያው ፍላሽ ላይ። «ይሄኛውን ለማንም ብትሰጡት ይፈቀዳል» አለች። ሸይኻችን ፍላሹን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ተነስተው የኪታቦቹን ቁም ሳጥን ከፈቱ፣ ወቅፍ የሚል ከተጻፈባቸው ኪታቦች አጠገብ በጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡት፣ ቁልፉንም ለኔ ሰጡኝ።